መንገዱ ያጠረለት ሰው

ከስልሳ አያልፍም ተብሎ የተሳለለት ሹፌር፣ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ስልሳ ላይ ቆሞ መኪናው ግን በስልሳ ሰባት ቢሄድ፣ ስለቱ ፈርሷል ይባላል ወይስ አልፈረሰም? መልሱን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ መካኒክ ጠይቄያለሁ፣ ጎማ ሳይቀር ለክቻለሁ። ጎማው ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቶኛል፤ ጥያቄው ግን ጎማው ከሚያውቀው በላይ ሆነ።

ሹፌሩ ባለቤቴ ነው። የራሳችን የሆነች አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችን። በአረምና በአጨዳ ወራት የጉልበት ሠራተኛ ጭኖ ከሸሕዲ ወደ ሽንፋና ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ ይወስዳል፤ በሌላው ጊዜ በአስፋልቱ ሸሕዲና መተማ ዮሐንስ ሲመላለስ ይውላል። እኔ ሸሕዲ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት የጀመርሁት ልጆቼ ከቤት ከወጡ በኋላ ነው፤ ቀን ስሰፋ ውዬ ወደ ማታው ክፍል እሄዳለሁ። ዘግይቶ የጀመረ ሰው የተማረውን ሁሉ ወዲያው ካልሞከረው አያምንም። እኔም እንዲሁ ነኝ።

የስለቱ ነገር እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ ከጎንደር ብቻውን ሲመለስ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። መኪናዋ ጣሪያዋ ጎበጠ፣ እሱ ክንዱ ተሰበረ። አደጋውን ሊያይ የመጣው ትራፊክ ፖሊስ መንገዱ ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት ተመልክቶ "ከስልሳ ባያልፍ ኖሮ አይገለበጥም ነበር" አለ። አማቴ ይህን ሰሙ። አማቴ ልጅ ሆነው ከጎጃም ወደዚህ ቆላ የወረዱ፣ ከእኛው ጋር የሚኖሩ፣ ትራፊክም ሆነ ቄስ የተናገረውን ቃል በቃል የሚይዙ ሴት ናቸው። በማግሥቱ ቅዱስ ሚካኤል ደጅ ሄዱና "ልጄን አስነሣልኝ፤ ዕድሜ ልኩን ከስልሳ አያልፍም" ብለው ተሳሉ። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል። አማቴ የልጃቸውን ቀኝ እግር ተሳሉ።

ልጃቸው ሲነሣ ነገሩት። "እሺ" አለ። ምን ይበል?

ችግሩ ስልሳ የት እንዳለ ማየት ነበር። የመለኪያው ቁጥሮች በዚህ አገር ፀሐይ ነጥተው ጠፍተዋል፤ ጠጋ ብሎ ካላዩት ሁሉም ነጭ ነው። አማቴ ደግሞ ቁጥር አያነቡም፤ ቢሆንም ጋቢና በተቀመጡ ቁጥር መርፌውን መጠበቅ ሥራቸው ሆነ። "አንቺ ተማሪዋ፣ ስልሳ የት ጋ እንደሆነ ምልክት አድርጊልኝ እስቲ" አሉኝ። እኔም የቁጥሩን ርዝራዥ ፈልጌ አገኘሁና መስታወቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ፀጉር የምታህል መስመር አሰመርሁ። ከዚያ ወዲያ ስልሳ የሚባል ቁጥር ከቤታችን ጠፋ፤ "ቀዩ" ተባለ።

"ቀዩን እንዳትነካ!"

"ኧረ እማዬ፣ ገና አልደረስሁበትም።"

"ሚካኤል እያየህ ነው!"

"ሚካኤል ደግሞ መርፌ ማየት ጀመረ?"

"እኔ አይለታለሁ። አንተ ፊት ለፊትህን እይ።"

ስለቱን መጠበቁ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ሌላ ነበር። ከአደጋው በኋላ የባለቤቴ እጅ መሪ ሲጨብጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቁልቁለት ሲያይ ሸሚዙ በላብ ይርሳል። በአርባ ሲሄድ ከኋላ የተጫኑት ሠራተኞች ጣሪያውን እየደበደቡ "ሹፌር፣ ወርደን እንግፋልህ?" ይሉታል። አንዱ እንዲያውም "እኔ በእግሬ ልቅደምና ምሳ ላሰናዳላችሁ" ብሎ ሁሉንም አስቋል። ባለቤቴም አብሮ ይስቃል። መኪናዋን ሊሸጣት ደላላ ማነጋገሩን የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

እንዲህ ባለው ወቅት ነው ትልልቆቹ ጎማዎች የመጡት። ወደ ሽንፋ የሚወስደው መንገድ ክረምት ሲገባ ዋልካ ነው፤ ጥቁሩ ጭቃ ጎማ ይዞ አይለቅም። መተማ ዮሐንስ የባለቤቴ ወዳጅ የሆነ አንድ ሙስሊም የጎማ ነጋዴ አለ፤ ዕድሜውን ከሱዳኖች ጋር ሲነግድ ስለኖረ ሰውን ሁሉ እንደ እነሱ "ያ ዞል" ብሎ ነው የሚጠራ፤ አንተ ሰው ማለት ነው።

"ያ ዞል፣ ይቺ የሕፃን ጫማ ምንድን ናት?" አለው የመኪናችንን ጎማ በእግሩ መታ አድርጎ። "ዋልካ ውስጥ በዚች ልትገባ? ይኼን ትልቁን እሰር። ዝሆን ትሆናለህ!"

"መኪናዋ ትችለዋለች?"

"ተማም፣ በደንብ! ሱዳን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስረው።"

ሰኔ ላይ አራቱንም አሰረና መጣ። መኪናዋ ቁመት ጨምራለች። አማቴ ወደ ጋቢናዋ ሽቅብ አዩና "ይኼ መኪና ነው ቆጥ?" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚወጡት በርጩማ ላይ ቆመው፣ እኔ ከኋላ ደግፌያቸው ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ ፊቱ በርቶ ገባ። እንዲህ በርቶ ካየሁት ቆይቷል።

"መንገዱ አጠረ" አለ።

"የቱ መንገድ?"

"የመተማው! ከደጃችን እስከ ጎማ ነጋዴው ሱቅ ድሮ ቆጣሪው ላይ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ነበር የሚመጣው። ዛሬ ሠላሳ ሁለት አለኝ። ሄጄም ሠላሳ ሁለት፣ ተመልሼም ሠላሳ ሁለት። ቀዩንም አላለፍሁ፤ ከሌላው ጊዜ ግን ቀድሜ ደረስሁ!"

እኔ ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል ልል አፌን ስከፍት አማቴ እልልታቸውን አቀለጡት። "ስለቱን ስለጠበቅህ ነው! አሳጠረልህ! እኔ አላልሁም?" ባለቤቴም ራሱን ነቀነቀ። ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ሰው አይደለም፤ ግን ቆጣሪ ያመነውን ሹፌር ያምናል።

የዚያን ክረምት መኪናችን ስም አወጣች። ከሸሕዲ መናኸሪያ የሚነሣ ሰው "ያ የማይሮጠው፣ ግን ቀድሞ የሚደርሰው አለ?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ጣሪያ መደብደብ ቀረ። ባለቤቴ፣ ከጎንደር ሲመለስ የተገለበጠበትን ቁልቁለት ሳይቀር፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሱፍ እየፈለፈለ ይወርድ ጀመር። አብሬው በሄድሁ ቁጥር እጁን ስርቅ አድርጌ አይ ነበር፤ አይንቀጠቀጥም። ያ ቁልቁለት ላይ የቀረው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ደላላውንም "ሂድ ወዲያ" አለው።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ፤ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ስለ ክብ ጀመረ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ትንሽ፣ አጠገቡ አንድ ትልቅ ክብ ሣለና "ሁለቱ እኩል ዙር ቢዞሩ የትኛው ይርቃል?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም "ትልቁ" አልን። ሌሎቹ ወደ ደብተራቸው አቀረቀሩ። እኔ እዚያው ሰሌዳው ላይ የመኪናችንን ጎማ አየሁና ቀዝቃዛ ውኃ እንደፈሰሰበት ሰው ቀጥ አልሁ።

በማግሥቱ አሮጌውን ጎማ ከኒሙ ዛፍ ሥር አወጣሁት፤ ዶሮዎች ሰፍረውበት ነበር። ሲባጎ ዙሪያውን አዙሬ ሲባጎውን በልብስ ሜትሬ ለካሁ፦ ሁለት ሜትር ከአርባ። ከዚያ አዲሱን ለመለካት መኪናዋ ሥር ተንበረከክሁ።

"ምን ትለኪያለሽ?" አለ ባለቤቴ ከበሩ። "ሱሪ ልትሰፊለት ነው?"

"የትምህርት ቤት ሥራ ነው።"

"እንግዲያስ ወገቡ ላይ ሰፋ አድርጊለት፤ ወፍሯል።"

ሁለት ሜትር ከሰባ። በነፋስ ማነስና በጭነት ጥቂት ይቀንስ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። የአሮጌው ዘጠኝ ዙርና የአዲሱ ስምንት ዙር እኩል መንገድ ይሄዳሉ። መኪናዋ የምትቆጥረው ዙሩን እንጂ መንገዱን አይደለም፤ ጎማዋ እንደተቀየረም የነገራት የለም። ስለዚህ ዘጠኙን ኪሎ ሜትር ስምንት ትላለች፣ ሠላሳ ስድስቱን ሠላሳ ሁለት። መርፌዋ ቀዩ ላይ ስትቆም ደግሞ የምንሄደው በስልሳ ሰባት ተኩል ነው። ከሰኔ ጀምሮ፣ አማቴ መርፌውን አፍጥጠው እየጠበቁት፣ ሚካኤል ሲመሰገን፣ ስለቱ በየቀኑ ሲታለፍ ኖሯል ማለት ነው።

ልንገረው? ብነግረው የምነጥቀው መንገዱን ብቻ አይደለም። እጁንም ነው። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ያ ትራፊክ ያለው ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ልብስ ላይ እንኳ ጣት የምታህል ስሕተት ፈትቼ ነው የማድር።

መጀመሪያ መካኒክ ጋ ሄድሁ፤ ቀሚስ ልሰፋላት የያዝሁትን የሚስቱን ልክ ምክንያት አድርጌ።

"ጎማ በትልቅ የቀየረ ሰው የፍጥነት መለኪያውን እንዴት ያስተካክላል?" አልሁት።

"ካምቢዮው ላይ የመለኪያውን ሽቦ የምታዞር ትንሽ ጥርስ አለች። እሷ ትቀየራለች። ዱሮ ከገዳሪፍ ይመጣልን ነበር፤ ሱዳን ጦርነት ከገባች ወዲህ ግን ማን ያመጣዋል? ለማን ነው?"

"ለአንድ ሰው።"

"ንገሪው፣ አይጨነቅ። በዚህ አገር ጎማ የቀየረ መኪና ሁሉ ይዋሻል። ሰው በግምት ነው የሚሄደው።"

በግምት የሚለውን ቃል አልወደውም። ቤት ተመልሼ አሰብሁበት። ጥርሷን መቀየር ካልተቻለ መስመሩን መቀየር ይቻላል። ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር አጋድሞት ሳለ፣ ክርና የጥፍር ቀለም ይዤ ጋቢና ገባሁ። መርፌው ከሚተኛበት ከዜሮ ተነሥቼ እስከ ቀዩ ድረስ ክሩን በቅስቱ ላይ አስተኛሁት። ክሩን ዘጠኝ እኩል ቦታ ከፋፍዬ አንዱን ቆረጥሁና ስምንቱን መልሼ አስተኛሁ። ያለቀበት ላይ አዲስ መስመር አሰመርሁ። የድሮውን በቀለም ማስለቀቂያ ጠረግሁት፤ ጥላው ግን ሮዝ ሆኖ ቀረ። እንዲህ አድርጌ ቅዱስ ሚካኤልንም ትራፊኩንም በአንድ ክር አስማማሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዚያ በላይ አላሰብሁም።

በሳምንቱ ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

"መንገዱ ረዘመ" አለ።

"ቆጣሪው ስንት አለ?" አሉ አማቴ።

"እሱማ ያው ሠላሳ ሁለት ነው። ሰዓቱ ነው የረዘመው። ቀዩ ላይ ሆኜ ሁሉም ያልፈኛል። ባጃጅ አለፈኝ እማዬ! ሹፌሩ እጁን አውጥቶ ሰላም አለኝ።"

አማቴ አልሳቁም። "ምን አድርገሃል?" አሉት።

"ምንም!"

"አስብ።"

አሰበ። ለጎረቤት የተናገረውን ክፉ ቃል አስታውሶ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጎረቤቱ ነገሩን ረስቶት ስለነበር እንደ አዲስ ተቀየመው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመረ። የነፍስ አባቱን ጠርቶ ቤት ጠበል አስረጨ፤ መኪናዋንም አስረጨ። መንገዱ አላጠረም። አንድ ቀን ከመተማ ሲመለስ ከሱቄ ደጅ አቁሞ ሞተሩን አጥፍቶ ሳይወርድ ተቀመጠ። ልጠራው ስወጣ እጁን አየሁ። መሪው ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

አለመናገር ለእኔ አስቸጋሪ ነገር አይደለም፤ ባሕርዬ ነው። የዚያን ሳምንት ግን ዝምታው ራሱ የተሳሳተ ስፌት ሆነብኝ። ብናገር መንገዱ መቼም አጥሮ እንዳልነበር ያውቃል፤ ባልናገር ሚካኤል እንደተቀየመው እያመነ መሪውን ይተዋል። ደላላው በደጃችን ማለፍ እንደገና ጀምሯል።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ አማቴ ለበዓሉ የምሰፋላቸውን ቀሚስ ሊለኩ ሱቅ መጡ፤ ባለቤቴ ከደጅ አውርዷቸው መኪናዋ ውስጥ ቀረ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል፤ እኔ አፌን በስፒል ሞልቼ ጫፉን እያጠፍሁ ነው።

"ነገ ከደጁ ተንበርክኬ እጠይቀዋለሁ" አሉ። "ልጄ ምን እንደበደለህ ንገረኝ እለዋለሁ። ሳይነግረኝ አልነሣም፤ ጉልበቴ ይውጣ።"

ጉልበታቸውን አውቀዋለሁ። ስፒሉን ከአፌ አወጣሁ።

"እማዬ፣ ሚካኤልን አያስቸግሩት። መስመሩን ዝቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

ዞሩ። ቀሚሱ ተጣመመ። ከሳጥኔ ውስጥ አንድ ትልቅ የካፖርት ቁልፍና አንድ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ አውጥቼ በስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ እያንከባለልሁ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጎማውን፣ ዙሩን፣ ሠላሳ ሁለቱን፣ ክሩን። ትንሹን ቁልፍ እሳቸውም አንድ ጊዜ አንከባለሉት።

"ቁመተ ረጅም ሰው ማለት ነው በያ" አሉ። "እርምጃው ያው፣ መንገዱ ብዙ።"

"ልክ ነው።"

"እንግዲያ ልጄ እኔ እያየሁት ስልሳን ሲያልፍ ከርሟል?"

"አልፏል።"

"በስንት?"

"ስልሳ ሰባት ተኩል ይሄድ ነበር።"

"ተኩሏን እንኳ አትተዪለትም!" አሉ። ትንሹን ቁልፍ ወደ እኔ መለሱት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ስለቴ ፈርሷል?" አሉኝ።

"አላውቅም እማዬ።"

"እኔም አላውቅም። ለማንኛውም ጃንጥላ አስገባለሁ።" ይህን ብለው፣ ስፒል የተሰካበትን ቀሚስ እንደለበሱ፣ ወደ ደጅ ወጥተው ተጣሩ፦ "አንተ ልጅ! ና ወዲህ! መንገድህን የቀማህ ሰው ተገኝቷል!"

ባለቤቴ ከመኪናዋ ወርዶ መጣ። ዳግመኛ ቁልፎቹን አንከባለልሁ። እሱ ሹፌር ነውና ሳልጨርስ ገባው፤ ጆሮው ቀላ። የሚቆጣ መሰለኝ። ቁልፎቹን አልተመለከተም፤ እጆቹን ነው የተመለከተው።

"ክረምቱን ሙሉ በስልሳ ሰባት ነበር የምነዳ?"

"ተኩል አለበት" አሉ አማቴ።

"ያንን ቁልቁለትም?"

"ያንንም" አልሁት።

"እጄስ? ያኔ ይንቀጠቀጥ ነበር?"

"ስርቅ አድርጌ አይህ ነበር። አይንቀጠቀጥም ነበር። ሱፍ ትፈለፍልበት ነበር።"

ቆመ። እጆቹን ጥቂት ዘርግቶ አያቸውና ኪሱ ከተታቸው። ፈገግ ሲል ያየሁት ይኼኔ ነው።

"ነገ ሚካኤል የምታደርሰኝ አንተ ነህ" አሉት አማቴ በርጩማቸውን እያነሡ። "ታዲያ ቀዩን እንዳትነካ!"

ወደ እኔ ዞረ። "የትኛውን?" አለኝ።

"ዝቅ ያለውን" አልሁት።